የ‹ሸ› ሁለት እግሮች

ሥራ በጀመርኩበት ቀን የተሰጠኝ መሣሪያ የሾርባ ማንኪያ ነበር።

ማዘጋጃ ቤቱ ለአትክልት ክፍሉ ረዳት አድርጎ ሲቀጥረኝ ዶማ እንደምጨብጥ እርግጠኛ ስለነበርኩ እጄ እንዳይላጥ ጨርቅ ሁሉ ይዤ ነበር የሄድኩት። ዋና አትክልተኛው ጋሽ ላሚሶ ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከቱኝና ከካፖርታቸው ኪስ እጀታው የተጣመመ ማንኪያ አወጡ።

‹‹ይቺ ነው ያንተ ዶማ›› አሉኝ።

የሚቀልዱብኝ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም።

ጋሽ ላሚሶ ከከተማው ወጣ ብላ የምትገኘው የቱላ ሰው ናቸው። አፋቸውን የፈቱት በሲዳምኛ ስለሆነ አማርኛቸው ላይ ሴትና ወንድ ቦታ ይለዋወጣሉ። በወጣትነታቸው በአንድ ጣሊያን እርሻ ላይ ብዙ ዓመት ሠርተዋል። ከጣሊያንኛው የቀረቻቸው አንዲት ቃል ነበረች፤ ስንቻኮል ካዩን ‹‹ፒያኖ፣ ፒያኖ›› ይሉናል፣ ቀስ በሉ ማለታቸው ነው። ያኔ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ ይጠጋ ነበር። እኔ ሀያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከወላይታ መጥቼ፣ ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ አቋርጬ፣ ዛሬ ሐዋሳ ያኔ ግን አዋሳ በምንላት ከተማ እንጀራ ፍለጋ ላይ ነበርኩ። ዘመኑ የደርግ መጀመሪያ ነው።

የሥራ ቦታችን ከታቦር ተራራ ግርጌ ወደ መንገዱ የሚያጋድል ድንጋያማ ዳገት ነበር። ከመንገዱ ማዶ ሰልፍ የሚደረግበት ሜዳ አለ። ዳገቱ ላይ ከቋጥኝና ከእሾህ በቀር ምንም የለም። ማዘጋጃ ቤቱ ‹‹አልሙት›› ብሎ ትእዛዝ ሰጥቷል፤ በምን እንደሚለማ ግን አልተናገረም።

ያን ቀን እስከ ማታ ተንበርክኬ የድንጋይ ስንጥቅ በማንኪያ ስጠርግ ዋልኩ። ስንጥቁ ውስጥ ያለውን ሸክላ አፈር አወጣለሁ፤ በምትኩ አንድ እጅ አፈር፣ ሁለት እጅ የተፈጨ ነጭ ድንጋይ እሞላለሁ። ነጩ ድንጋይ ከሐይቁ ዳር የሚመጣው፣ ውሃ ላይ ቢጥሉት የሚንሳፈፈው ነው። ፍግ ልጨምር ስል ጋሽ ላሚሶ እጄን ያዙ።

‹‹ተው። ከጠገበ ቅጠል ይሆናል። ትንሽ ሲርበው ነው አበባ የሚያወጣ።››

ድንጋይ አቀማመጥም ያስተማሩኝ በዚያ ሳምንት ነው። ትልልቁን ድንጋይ ሲሶውን አፈር ውስጥ ቅበረው፤ ፊቱን ወደ ላይ፣ ጀርባውን ወደ ዳገቱ ዘንበል አድርገው፤ ዝናቡ ተንሸራቶ ከማምለጥ ይልቅ ወደ ኋላ፣ ወደ ሥሩ እንዲገባ። ይህን ሲያሳዩኝ ለአንድ ድንጋይ ግማሽ ቀን ፈጁ። እኔ በሆዴ ‹‹እኚህ ሰውዬ የመንግሥት ሰዓት ይበላሉ›› አልኩ። ዛሬ እኔም ለአንድ ድንጋይ ግማሽ ቀን እፈጃለሁ።

በኋላ ዳገቱን የሸፈነችውን ተክል ያየሁት በሁለተኛው ሳምንት ነው። ጋሽ ላሚሶ ከቱላ፣ ከራሳቸው ጓሮ፣ በእርጥብ ጆንያ ጠቅልለው አመጡ። ጣሊያኑ አገር ለቆ ሲሄድ ከእርሻው ያተረፏት እሷን ብቻ ነበር። ፈረንጆቹ ምን እንደሚሏት አላውቅም፤ እኛ ምንጣፌ እንላታለን። ቅጠሏ የጣት አንጓ ያህል ወፍራም ነው፤ ብትጫኑት ውሃ ይወጣዋል። ከመሬት አንድ ጣት እንኳ ከፍ አትልም። ወደ ላይ መሄድ የማታውቅ፣ ወደ ጎን ብቻ የምትሄድ ተክል ናት።

‹‹ግንጣይ ስትቆርጥ ሁለት ቀን ጥላ ላይ አስቀምጥ›› አሉኝ። ‹‹ቁስሉ ሳይደርቅ አትትከል። ሰው ቁስሉ ሳይደርቅ ሥራ ይሠራል? እሷም እንደዚያ ነው።››

ሁለት ቀን አቆየኋት፤ ተከልኳት፤ ለሳምንት ውሃ ከለከልኳት። በሦስተኛው ሳምንት አንዷን ቀስ ብዬ ብስባት አልንቀሳቀስ አለች። ጸድቃለች። እኔ በጸሎት ቤት ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ‹ጸደቀ› የሚለውን ቃል ስለ ነፍስ ነው የማውቀው። ያን ቀን ግን ድንጋይ ላይ ተንበርክኬ ‹‹ጸደቀች!›› ብዬ ጮህኩ።

ውሃ የምታጠጣው ዘይነባ ባልዲዋን አስቀምጣ ሳቀችብኝ። ዘይነባ አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ካሉ ነጋዴዎች ቤተሰብ ናት፤ ከእኔ በአምስት ዓመት ትበልጣለች፤ አንደበቷ ግን በሀምሳ ዓመት ይበልጠኝ ነበር።

‹‹ማቴዎስ፣ ጴንጤ ለምስል አይሰግድም ሲሉ ሰምቼ ነበር። ለድንጋይ ግን ይሰግዳል እንዴ?››

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ‹ተንበርካኪው› ሆነ።

እውነቷን ነው፤ ምንጣፌን አደንቃት ነበር፤ ከማድነቅም አልፎ እፈራት ነበር ብል ይቀላል። እሳት የሚተፋ ድንጋይ ላይ፣ ሰው ባዶ እግሩን ሊቆምበት በማይችለው ላይ ሄዳ ትተኛለች። በየደረሰችበት ክር የመሰለ ሥር ታወርዳለች፤ ክሩ መርፌ የማይገባበት ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። በክረምቱ መጨረሻ ደግሞ ታብባለች። አበባዋ ወይን ጠጅ ነው፤ ሲነጋ ዝግ ነው። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ፀሐይ ዳገቱን ስትነካ ከላይ ጀምሮ ወደ ታች ይከፈታል፤ አሥር ሰዓት ገደማ ተመልሶ ይዘጋል። ደመና ከሆነ ጨርሶ አይከፈትም። ዓይኔ እያየ፣ አንድ ‹አባታችን ሆይ› ተደግሞ በማያልቅበት ጊዜ ውስጥ፣ አረንጓዴው ድንጋይ ወይን ጠጅ ይሆናል። ይህን ያየሁ ቀን ቁርሴን ሳልበላ ነው የዋልኩት፤ ትዝም አላለኝ።

ወሬው ወደ ላይ ደረሰ መሰለኝ፣ አንድ ቀን ጓድ አሰፋ መጣ። ጓድ አሰፋ የከተማው ካድሬ ነው፤ ከዚያ በፊት የአንደኛ ደረጃ አስተማሪ ነበር። መንገዱ ዳር ቆሞ ዳገቱን ብዙ አየና ‹‹ይህ ቦታ መናገር አለበት›› አለ።

እንዲናገር የተፈለገው ‹አብዮቱ ያሸንፋል› የሚለውን ነበር። ጓድ አሰፋ በካሬ ወረቀት ላይ ነድፎ አመጣው። እኔ ከወረቀቱ ወደ ዳገቱ በችካልና በሲባጎ አሰፋሁት። እያንዳንዱ ፊደል የሁለት ሰው ቁመት አለው። ጋሽ ላሚሶ ወረቀቱን አልነኩትም፤ ‹‹አንተ ለካ፣ እኔ ድንጋዩን አያለሁ›› ብለውኝ ነበር። መዝገብም ቢሆን እኔን ነበር የሚያጽፉኝ፤ እሳቸው ቆመው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ነው ብዬ ነበር የማስበው፤ ትንሽም ኮርቼ ነበር።

ፊደሎቹን በምንጣፌ ተክለን፣ ክፍተታቸውን በነጩ ድንጋይ ሞልተን ተካፈልናቸው። ‹አብዮቱ› ለዘይነባ ደረሳት፤ ‹ያሸንፋል› ለእኔ። ጠርዙን በየአሥራ አምስት ቀኑ በመቀስ መቁረጥ የየባለ ፊደሉ ሥራ ነው።

ለዛሬ ወጣቶች አንድ ነገር ልናገር፤ ካልነገርኳችሁ የሚከተለው አይገባችሁም። በዚያን ጊዜ አንድ ፊደል ሰው ያስበላ ነበር። መንግሥት በየግድግዳው ‹ያሸንፋል› ብሎ ይጽፋል። መንግሥትን በድብቅ የሚታገሉት ደግሞ በሚበትኑት ወረቀት ላይ ‹ያቸንፋል› ይላሉ። ትርጉሙ ያው ነው። ነገር ግን በ‹ሸ› የሚጽፍና በ‹ቸ› የሚጽፍ በጠላትነት ይተያይ ነበር። በተለይ የተማረ ወጣት ሆኖ በ‹ቸ› ጽፎ ከተያዘ፣ ስለ መመለሱ ማንም ደፍሮ አይጠይቅም። ከእኔ ጋር አሥረኛ ክፍል ከነበሩት ልጆች ሁለቱ እንደዚያ ሄደው ቀርተዋል።

የመጀመሪያው ዓመት በደህና አለፈ። ምንጣፌ ገና ትንሽ ነበረች፤ ፊደሎቹም ቀጫጭን። በሁለተኛው ክረምት ግን ዝናቡም ፀሐዩም እኩል ሆኖላት ፈነደቀች። የመስከረሙ የአብዮት በዓል አንድ ወር ሲቀረው መቀሴን ይዤ ‹ሸ› አጠገብ ተንበረከክሁ። በሁለቱ እግሮቿ መካከል ሁለት ስንዝር ክፍተት መኖር ነበረበት። ምንጣፌ ከግራም ከቀኝም ተነሥታ አንድ ስንዝር ያህሉን ይዛለች።

መቀሱን ከፈትሁ። ጠርዙን ሳየው ግን እንቡጥ ብቻ ነው። ይህ ተክል አበባውን የሚሸከመው በአዲሱ ጫፍ ላይ ነውና፣ ጠርዙን መቁረጥ ማለት አበባውን መቁረጥ ነው። ጣቴን እንቡጦቹ ላይ አሳለፍኩ። በጣም ብዙ ነበሩ። አንጀቴ እንቢ አለኝ።

‹‹ይሄን አንድ ጊዜ ይለፋት›› ብዬ መቀሱን ዘጋሁ። በአሥራ አምስተኛው ቀንም እንደዚያው አልኩ። ያኔ አብባ ስለነበር ጭራሽ የሚቻል አልሆነም። ጠዋት ጠዋት አራት ሰዓት ሲሆን ሥራዬን ጥዬ እዚያው ተንበርክኬ ስትከፈት አያለሁ። ከቅርብ ስታዩት ፊደል የለም፤ አበባ ብቻ ነው። ፊደሉ የሚታየው ከመንገዱ ነው፤ እኔ ደግሞ ወደ መንገዱ አልወርድም ነበር።

በበዓሉ ዋዜማ፣ ዕንቁጣጣሽን እንኳ ሥራ ገብተን ሳለ፣ ልክ ቀትር ላይ፣ የጓድ አሰፋ ላንድሮቨር መንገዱ ዳር ቆመች። ጠመንጃ የያዙ ሁለት አብዮት ጥበቃዎች አብረውት ወረዱ። ጓድ አሰፋ ቀና ብሎ ዳገቱን አየ። ከዚያ ኮፍያውን አወለቀና እንደገና አየ።

‹‹ሁላችሁም ውረዱ!››

ወረድን። ጋሽ ላሚሶ፣ ዘይነባ፣ እኔ።

‹‹ጋሽ ላሚሶ፣ እስኪ ከዚህ ሆነው ይመልከቱ። ምን ይላል?››

እኔም ዞሬ አየሁ። ‹አብዮቱ› ደህና ነው። ‹ያ› ደህና ነው። ‹ሸ› ግን የለችም። ሁለቱ እግሮቿ ተጋጥመው አንድ ወፍራም እግር ሆነዋል፤ ትከሻዋ ላይ የነበረው ደግሞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ፈስሶ መስቀለኛ ሠርቷል። ላይዋ ላይ ሰረዙ እንዳለ ነው። በቀትር ፀሐይ፣ በወይን ጠጅ አበባ፣ የሁለት ሰው ቁመት ባለው ፊደል፣ ለከተማው ሁሉ በሚታይ ቦታ ላይ ‹አብዮቱ ያቸንፋል› ይላል።

‹‹ይህ አሻጥር ነው›› አለ ጓድ አሰፋ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ‹‹ይህችን ፊደል የሚንከባከባት ማን ነው?››

‹እኔ ነኝ› ልል አፌን ከፈትሁ።

ጋሽ ላሚሶ በእኔና በእሱ መካከል ገቡ። ‹‹ልጁ መቀስ ይዞ መጥቶ ነበር። እኔ ነኝ ተው ያልኩት። አበባ ይዟል፣ አትቁረጥ አልኩ።››

እንዲህ ያለ ቃል አልነገሩኝም ነበር።

‹‹ፊደሉ ሲበላሽ አያዩም?››

‹‹አላይም። ማንበብ አልችልም።››

ሁላችንም ዞር ብለን አየናቸው። ዋና አትክልተኛ ናቸው፤ ደረሰኝ ላይ ይፈርማሉ፤ ማንም ጠይቋቸው አያውቅም።

‹‹አንተ!›› አለ ጓድ አሰፋ። እስከዚያ ድረስ ‹እርስዎ› ነበር የሚላቸው። ‹‹በእኔ ላይ ትቀልዳለህ? ፊደል የማይቆጥር ሰው ነው ይህን ክፍል የሚመራው?››

ጭራሮ አነሣና የመንገዱ ዳር አሸዋ ላይ ሁለት ፊደል ጻፈ፤ አንዱ ‹ሸ›፣ አንዱ ‹ቸ›።

‹‹የትኛው ነው ትክክለኛው?››

ጋሽ ላሚሶ ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጎንበስ ብለው መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥሎ ሌላውን ብዙ ጊዜ ወስደው አዩ። አዲስ ተክል ሲመጣላቸው እንደሚያዩት ነው ያዩት።

‹‹ይቺ›› አሉ ወደ ‹ሸ› እየጠቆሙ፣ ‹‹ሁለት እግር አለው። ዝናብ ሲመጣ ውሃ በመሐሉ ይሄዳል፣ ሥሩ አይበሰብስም። ይቺኛው አንድ እግር ነው። ውሃው ግራና ቀኙን አፈር ይበላል፣ ቆይቶ ይወድቃል። ለአትክልት ሁለት እግር ይሻላል።›› ቀና አሉ። ‹‹ንባቡን ግን እኔ አላውቅም።››

አንደኛው ጥበቃ ሳቁን መያዝ አቃተው። ጓድ አሰፋ ለመቆጣት አፉን ከፈተና ተወው። አስተማሪ ነበር ብያችኋለሁ፤ ፊደል የማያውቅ ሰው ፊደል ሲያይ እንዴት እንደሚያይ ያውቃል። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ቀስ ብሎ ወደ ንቀት ተለወጠ። ንቀቱን ሳይ ‹ተረፍን› ብዬ ያሰብኩት አይረሳኝም።

‹‹ጀንበር ሳትጠልቅ ይስተካከል›› አለና ላንድሮቨሯ ውስጥ ገባ።

ዘይነባ መኪናዋ እስክትርቅ ጠብቃ ተነፈሰች። ‹‹የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባል ነበር። የፊደል ወለምታ በምን ሊታሽ ነው?››

‹‹በማንኪያ›› አሉ ጋሽ ላሚሶ።

መቀስ ይዤ ገባሁ። በተከፈተ አበባ ላይ ቆረጥኩ። ቆርጬ ሳነሣው ሥሩ ከድንጋዩ አልወጣ አለኝ፤ በማንኪያዬ ስንጥቁን ስፈለፍል ክሩ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውስጥ ይሄዳል። በአንድ ቦታ የድንጋዩ ቅርፊት ተነሣና ውስጡን አየሁት፤ ዓይን የማያየው መንገድ ላይ ነጭ ሥር እንደ ጸጉር ተሰድሯል። እንደዚያ ፈርቼ እንኳ፣ ለአፍታ ቆሜ አየሁት። ዘይነባና ጋሽ ላሚሶ ነጩን ድንጋይ በባሬላ እያመላለሱ ክፍተቱን ሞሉት። ፀሐይዋ ሐይቁ ማዶ ከመጥለቋ በፊት ‹ሸ› በሁለት እግሯ ቆመች።

በማግሥቱ ሜዳው በሰው ተሞላ። ንግግሩ ሲጀመር ልክ አራት ሰዓት ገደማ ነበርና ዳገቱ ከላይ ወደ ታች ተከፈተ። ሕዝቡ አጨበጨበ። ተናጋሪው ለእሱ የተጨበጨበ መስሎት ንግግሩን አስረዘመው።

በሁለተኛው ሳምንት ደብዳቤ መጣ። ማንበብና መጻፍ የማይችል ሠራተኛ ክፍል ሊመራ ስለማይችል ጋሽ ላሚሶ ከዋና አትክልተኝነታቸው ተነሥተው ውሃ አጠጪ እንዲሆኑ፣ በምትካቸው እኔ እንድሠራ የሚል ነው። ደብዳቤውን ጮክ ብዬ ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ፤ የመሣሪያ ክፍሉን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው እጄ ላይ አስቀመጡ።

‹‹አይሆንም፣ ጋሼ።››

‹‹ይሆናል። ፒያኖ፣ ማቴ።››

ከዚያ ቀን ጀምሮ በሥራ ሰዓት ‹እርስዎ› ይሉኝ ጀመር። ተዉ ብላቸው አልሰማ አሉ። ባልዲ ይዘው መጥተው ‹‹እርስዎ፣ የትኛውን ላጠጣ?›› ሲሉኝ መሬት ብትውጠኝ እመርጥ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ፊታቸውን አላጠቆሩብኝም። ድንጋይ ስናስቀምጥ ግን ማን አለቃ እንደሆነ ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ከጥቂት ዓመት በኋላ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ መጣ። የማያነብ ሠራተኛ ሁሉ ስሙ ተጽፎ እንዲቀርብ ታዘዝኩ። በዝርዝሩ የመጀመሪያ መስመር ላይ የጋሽ ላሚሶን ስም ጻፍኩ። አስተማሪውም እኔው ሆንኩ፤ ከሥራ በኋላ በመሣሪያ ክፍሉ በረንዳ ላይ፣ ጥቁር በተቀባ ሳንቃ። ጋሽ ላሚሶ ሁልጊዜ ከፊት ይቀመጣሉ። ‹እጄ ከበደኝ› እያሉ ቀስ ብለው ነው የሚጽፉት። በተለይ ‹ሸ› አስቸገረቻቸው፤ እግሮቿን እያጋጠሙ ይጽፏታል። እኔ ከኋላቸው ጎንበስ ብዬ እጃቸውን በእጄ ይዤ አስጻፍኳቸው።

‹‹እግሮቿን ለየት ያድርጓቸው፣ ጋሼ።››

‹‹እሺ፣ የኔታ›› አሉኝ። ዘይነባ ከኋላ ሆና በሳቅ ፈረሰች።

ሰርተፊኬታቸውን በስድስተኛው ወር ወሰዱ። ውለታቸውን የከፈልኩ መሰለኝ። እውነቱን ልናገር፤ ያን ሰሞን ደስ ብሎኝ እተኛ ነበር።

ጡረታ ወጥተው ወደ ቱላ ገቡ። ደርግ ሊወድቅ አንድ ሁለት ዓመት ሲቀረው አንድ የሥራ ጥያቄ ይዤ ወደ እሳቸው ሄድኩ። ምንጣፌ አርጅታ መሐል መሐሏ መድረቅ ጀምሯል፤ ምን ላድርግ ብዬ ነው። ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖት ነበር። ጓሯቸው ውስጥ፣ የመጀመሪያዋ ምንጣፌ አጠገብ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

ሚስታቸው እማማ ማርታ መጽሐፍ ቅዱስ አምጥተው እጄ ላይ አኖሩ። ‹‹እስኪ አንብብለት፣ ልጄ። ዓይኑ እንቢ ካለው ወዲህ የሚያነብለት አጥቷል።››

ደስ አለኝ። ‹‹መሠረተ ትምህርት ጠቅሟቸዋላ!›› አልኩ፣ የራሴን ድካም ለማስታወስ።

እማማ ማርታ ሳቁ። ‹‹መሠረተ ትምህርት? እኔን ሲያጨኝ ደብዳቤ ጽፎ አይደል እንዴ! ወንድሜ ነበር ያነበበልኝ። እዚህ ጸሎት ቤት ሲከፈት ቆሞ ያነበበው የመጀመሪያ ሰው እሱ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።››

መጽሐፉን ገለጥኩት። ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ የተጻፈ ደቃቅ ጽሑፍ ሞልቶታል፤ ቀለሙ ደብዝዟል። ከእኔ ጽሑፍ ይልቅ ያምራል። ከገጹ ግርጌ አንዲት ‹ሸ› አየሁ። ሁለቱ እግሮቿ የተለያዩ፣ ቀጥ ያሉ ነበሩ።

እማማ ማርታ ወደ ቤት እስኪገቡ ጠበቅሁ።

‹‹ጋሼ። ያን ቀን ያነቡ ነበር?››

‹‹አነብ ነበር።››

‹‹ለምን ታዲያ?››

‹‹አንተ አሥረኛ ክፍል ነበርክ። ሀያ ሦስት ዓመት። አሥረኛ ክፍል የተማረ ልጅ ‹ቸ› ጻፈ ቢባል ምን ያደርጉታል?›› እጃቸውን በአየር ላይ አወዛወዙ። ‹‹እኔ ሽማግሌ ነበርኩ። የቱላ ሽማግሌ ማንበብ አይችልም ቢባል ማን ይገረማል? ጓድ አሰፋ ወዲያው ያምናል። አመነ።››

‹‹ስድስት ወር ሙሉ ሀ ሁ አስተማርኩዎት እኮ!››

‹‹ጎበዝ አስተማሪ ነበርክ›› አሉ፤ እየሳቁ ነበር። ‹‹ከባዱ እሱ ነው። አውቆ አለማወቅ። ‹ሸ›ን ማበላሸት በጣም አስቸገረኝ።››

ከብዙ ዓመት በኋላ ‹አንተ› ያሉኝ ያን ቀን ነው። ማዕረጋቸውን፣ በሰው ፊት የነበራቸውን ክብር፣ ያን ሁሉ ዓመት በባልዲ የቆዩትን አሰብኩ። እጃቸውን ይዤ ያስጻፍኩበትን በረንዳ አሰብኩ። አለቀስኩ፤ እሳቸው አያዩኝም ብዬ ድምፄን ዋጥኩት።

‹‹ፊደሏ ስትዘጋስ? እርስዎ አላዩም ነበር?››

‹‹ከሳምንት በፊት አይቻለሁ። ቁረጥ ልልህ መጣሁ። አንተ ተንበርክከህ ሲከፈት ታያለህ። ነገ እነግረዋለሁ አልኩ። በነገው ከኋላህ ቁጭ አልኩና እኔም አየሁ።›› እጃቸውን ዘርግተው የምንጣፌን ጠርዝ ዳሰሱ። ‹‹ጥፋቱ የሁለታችን ነው።››

ከዚያ ስለመጣሁበት ጉዳይ ነገሩኝ፤ የደረቀውን መሐል አውጣ፣ ነጭ ድንጋይና አፈር ቀላቅለህ ሙላ፣ ከጠርዙ የተቆረጠውን ሁለት ቀን አድርቀህ እዚያው መልሰህ ትከል። እንደነገሩኝ አደረግሁ። ዳገቱ ላይ የነበሩት ፊደሎች ዘመኑ ሲያልፍ አብረው ተነቀሉ፤ ምንጣፌ ግን ከስንጥቁ ውስጥ ተመልሳ ወጣች፤ ዛሬ ምንም ሳትል እዚያ አለች።

ምንጣፌን ለምትተክሉ ሁሉ የምነግራችሁ ይህን ነው። ጠርዙ በየአሥራ አምስት ቀኑ ይቆረጣል። ሲያብብም ይቆረጣል።